የኮንዶም አጠቃቀምን በመጠይቅ እንዴት እንለካ?

«ኮንዶም ሁልጊዜ ይጠቀማሉ?» የሚለውን ጥያቄ ከመጠይቅዎ ያውጡት። ተጠያቂው የሚመልስልዎ ያደረገውን ሳይሆን ቢያደርገው የሚመሰገንበትን ነው።

በምትኩ ከአንድ ድርጊት ይነሱ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ግንኙነት የፈጸሙት መቼ ነው? ከማን ጋር? ያኔ ኮንዶም ተጠቅማችሁ ነበር? የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የሚጠይቀው ስለ መጨረሻው ግንኙነት ነው። ለማስታወስ ይቀላል፤ የግለሰቡን ልማድ ግን አያሳይም። ልማዱን ከፈለጉ ቁጥር ይጠይቁ፦ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ጊዜ? ከዚያ ውስጥ ስንቱ በኮንዶም? የትዳር፣ የፍቅረኛና በክፍያ የሚደረገው ግንኙነት ለየብቻ ይመዝገብ።

«ሦስት ወር» ብቻውን ለብዙ ሰው አይጨበጥም፤ «ከጥምቀት ወዲህ» ቢሉ ይሻላል። ታዲያ ሁዳዴን አይርሱ። በ55ቱ ቀን ከግንኙነት የሚታቀቡ ባለትዳሮች ስላሉ፣ ጾሙ ያረፈበትን ጊዜ ከሌላው ወቅት ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ቀጥሎ፣ «ተጠቅሜያለሁ» ያለውን ይመርምሩ። ከመጀመሪያው አንሥቶ ነበር ወይስ መሃል ላይ የተደረገ? ሳያልቅ ወልቋል? ተቀዷል? አብዛኛው መጠይቅ ይህን ይዘለዋል፤ በሽታ ግን በዚያው ይገባል።

ቃለ መጠይቁ ሦስተኛ ሰው በማይሰማበት ቦታ ይሁን። ጠያቂው የሠፈር ሰው ባይሆን ይመረጣል።

ስሌቱ ላይ በመቶኛ ብቻ አይመኑ። ከሁለት ግንኙነት አንዱን ያለ ኮንዶም የፈጸመ ሰው 50 በመቶ ያገኛል፤ ከ40 አራቱን ያለ ኮንዶም የፈጸመው ደግሞ 90። «የተሻለው» ሰው አራት ጊዜ ተጋልጧል፣ ሌላው አንድ ጊዜ። ያልተጠበቀውን ግንኙነት ብዛት ከመቶኛው ጎን ያስፍሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቃል ቃል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ የዚምባብዌ ጥናት፣ በምርመራ የወንድ ዘር ፈሳሽ ምልክት ከተገኘባቸው 196 ሴቶች መካከል ግማሽ ያህሉ በቀደሙት ሁለት ቀናት ግንኙነት እንዳልነበራቸው ወይም በኮንዶም ብቻ እንደነበር ተናግረው ነበር። ፊት ለፊት በመጠየቅ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ እንዲመልሱ ማድረጉም ልዩነቱን አላጠበበውም። ስለዚህ አቅም ካለዎት ፈቃደኛ ከሆኑ ጥቂት ተሳታፊዎች ናሙና ወስደው መልሱን ያመሳክሩ። ካልተቻለ በሪፖርትዎ ላይ «ኮንዶም የተጠቀሙ» ሳይሆን «ተጠቅመናል ያሉ» ብለው ይጻፉ።