ካህን በማይገኝበት ጊዜ ስለሚሆን የኃጢአት ስርየት

አንባቢ ሆይ፤ በከባድ ኃጢአት የወደቀ ሰው ካህን ከሌለበት ስፍራ ሳለ ሞት ቢቀርበው ምን ተስፋ አለው? መልሱን በጤንነትህ ሳለህ ማወቅ ይገባሃል፤ በጭንቅ ሰዓት የሚያስተምርህ አይገኝምና።

ከጥምቀት በኋላ ለተሠራ ከባድ ኃጢአት የተሠራው መንገድ ለካህን መናዘዝ ነው። ነገር ግን ሰው እግዚአብሔርን ከሁሉ አብልጦ ከመውደዱ የተነሣ በኃጢአቱ ቢጸጸት፥ በተቻለው ጊዜም ፈጥኖ ይናዘዝ ዘንድ ቢቈርጥ፥ ገና ሳይናዘዝ ይቅርታን ያገኛል። ይህም ፍጹም ጸጸት ይባላል። የትሬንት ጉባኤ በ1551 ዓ.ም. ይህን ሲያስተምር፥ የመናዘዝ ፈቃድ ከሌለበት ጸጸት ዕርቅ እንደማይገኝ ገልጧል። (ዘመኖቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።)

ጸጸት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሌባ ሲታሰር ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰው ግን ስለ እስራቱ እንጂ ስለ በደሉ አይደለም። ገሃነምን ፈርቶ ኃጢአትን መጥላት ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ እርሱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለኑዛዜም ያዘጋጃል። ብቻውን ግን ከባድ ኃጢአትን አያስተሰርይም። ፍጹም ጸጸት ያለው ሰው የአባቱ በትር ሳይሆን አባቱን ማሳዘኑ የሚያስጨንቀውን ልጅ ይመስላል። ፍጹም መባሉም ስለ ምክንያቱ ነው እንጂ ስለ እንባው ብዛት አይደለም፤ ስለዚህ ዓይንህ ደረቅ ቢሆን አትስጋ።

በጃፓን አገር የሆነውን ተመልከት። በ1603 ዓ.ም. ስለዚህ ጸጸት የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ በአገሩ ቋንቋ ተዘጋጀ። በ1614 ዓ.ም. መንግሥት የክርስትናን ሃይማኖት ከለከለ፤ ካህናቱም ተሰደዱ፥ ከቀሩትም ብዙዎቹ ተገደሉ። ምእመናኑ ግን መጽሐፉን በስውር በእጅ እየገለበጡ ለልጆቻቸው አስተላለፉ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካህን ሳያዩ ኖረው በ1865 ዓ.ም. በናጋሳኪ ከአባ ፔቲዣን ጋር ተገናኙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ምሥጢራቱ ተመለሱ። በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም በሮማ ያለው የንስሓ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ትምህርት ለሕሙማንና ኑዛዜ ላጡ ሁሉ አስታወሰ።

በፍጹም ጸጸት የተሰረየውም ኃጢአት በኋላ ለካህን መነገር አለበት። እስኪናዘዝም ድረስ ሰው ወደ ቅዱስ ቁርባን አይቅረብ፤ ከባድ ምክንያት ሲኖርና መናዘዣ ሲታጣ ብቻ ፍጹም ጸጸት አድርጎ መቅረብ ይፈቀድለታል። ካህን በሰፈሩ ሳለ እፍረት ብቻ የከለከለው ሰው ግን መናዘዣ አጣሁ ሊል አይችልም።