ለፑሪም በቤት የሚሠራ የለውዝና የቸኮሌት ከረሜላ፤ መጠጡስ ከምን የወጣ ነው?



ስለ ፑሪም ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመጊላ ንባብና የአስቴር ጾም ነው። እኔ ዛሬ ወደ ወጥ ቤት ልግባ። የአስቴርን ጾም አባቶቻችን በአገር ቤት ያውቁት ነበር። በበዓሉ ቀን የሚበላ ስጦታ መላላክን፣ ማለትም ሚሽሎአሕ ማኖትን ግን ብዙ ቤተሰቦች የለመዱት እዚህ እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። ትእዛዙ የሚገኘው በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 9 ቁጥር 22 ላይ ነው። ዛሬ በየቤቱ ለዚህ ስጦታ ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ሳይጋገር በእጅ የሚድቦለቦል፣ ውስጡ ለውዝና ጥቂት መጠጥ ያለበት፣ ላዩ ቸኮሌት የለበሰ ከረሜላ ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልጆችም በሥራው ይደሰታሉ። ነገር ግን አንድ ጠርሙስ ሥራውን ሁሉ ሊያበላሸው ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በየሺቫ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ሳለሁ፣ ጾሙ በሚገባበት ዋዜማ ማታ ወደ ቤት መጣሁ። እናቴ ጠረጴዛውን በሃያ ትንንሽ ሳጥኖች ሞልታዋለች። በእያንዳንዱ ሳጥን አምስት ከረሜላና አንድ ብርቱካን አለ፤ ላዩ በሪባን ታስሯል። ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረቦቿ፣ አንዱም ለእኔ አስተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። አንዱን ላነሣ ስል ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ጠርሙሱን አየሁት። ከውጭ አገር የመጣ ብራንዲ ነው። ዙሪያውን ባገላብጠው የካሽሩት ምልክት የለበትም።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ወይን ነው» አልኳት።

«ወይን የት አለ ልጄ? አረቄ ነው እንጂ። ሽተተው» አለችኝ።

በሽታው ልክ ነበረች። አረቄ እንዴት እንደሚወጣ የምታውቁ እናቶች ነገሩን ከእኔ ይልቅ ትረዱታላችሁ። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል። ድፍድፉ የእህል ከሆነ የሚወጣው አረቄ ነው። በእህሉ ፋንታ ወይን ጠጅ ተጥዶ እንፋሎቱ ሲጠራቀም ደግሞ ብራንዲ ይባላል። ኮኛክም እንዲሁ ነው። መልኩና ስሙ ቢለወጥም ሐላኻ እንደ ወይን ያየዋል። ስለዚህ በወይን ላይ ያለው ጥብቅ ሕግ፣ በአይሁድ እጅ ተሠርቶ የተጠበቀ መሆን አለበት የሚለው፣ በእርሱም ላይ አለ። ሄክሸር የሌለው ብራንዲ ደግሞ ይህን አያሟላም።

ወደ ራብ ደወልኩ። ጥቂት ነው፣ ሌላው ይበዛዋል፣ ይታለፍ ይሆን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እርሳቸው ግን ለጣዕም ተብሎ ሆን ተብሎ የገባ ነገር፣ ጣዕሙም የሚታወቅ ከሆነ፣ በብዛት አይታለፍም አሉኝ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። የሁለት ቀን ድካም፣ ከደሞዟ የወጣ ገንዘብ ነው። ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለች፦ «አገር ቤት ከእነሱ ቤት ጠላ እንኳ አንቀምስም ነበር። ይህን ከአንተ አልማርም። ብራንዲ ወይን መሆኑን ግን ማን ነገረኝ?»

መልስ አልነበረኝም። በዚህ አገር ስንት ዓመት ኖራለች፤ ስለ ብዙ ነገር ያስተማሯት ሰዎች አሉ፣ ስለ ጠርሙሱ የነገራት ግን አንድም ሰው የለም። ከረሜላውን ጣልነው፣ ሳጥኑንና ብርቱካኑን አስቀረን፣ በማግስቱም እንደገና ሠራን። ቀኑ ጾም ስለነበር አንዳችንም ሳንቀምስ ነው የሠራነው። ጣቱን ሊልስ የፈለገ ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገና የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበር ተፈቅዶለታል። እናንተ ግን ጣፋጩ መጠኑን መያዙን ቀምሳችሁ እንድታውቁ ከጾሙ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ብትሠሩ ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ይቆያል።

አሠራሩን አሁን ቤታችን በሚሠራበት ዓይነት እነግራችኋለሁ። ለ30 ፍሬ ያህል 200 ግራም ለውዝ ይበቃል። እኛ የምንወደው በዕብራይስጥ አጎዜ መሌኽ የሚባለውን፣ አንጎል የሚመስለውን ነው፤ ዘይት ስላለው ራሱን በራሱ ያያይዛል። ሽኬዲምም ይሆናል። ኦቾሎኒ ርካሹ ነው፣ አይናቅም። ከመወቀጡ በፊት ግን ለውዙን ነጭ ሳህን ላይ በትኑትና በደንብ እዩት። ድር የመሰለ ክር ወይም የተቦረቦረ ፍሬ ካለ ትል ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይጣል። በተለይ በኪሎ ተመዝኖ ከገበያ የተገዛውንና ከዓምና የተረፈውን አትመኑት።

ከዚያ እንደ ቡና በመጥበሻ ላይ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል። ሽታው ሲወጣ ይበቃዋል፤ ከጠቆረ ይመራል። ሲቀዘቅዝ በሙቀጫ ሸክሸክ ይደረጋል እንጂ ዱቄት እስኪሆን አይወቀጥም፤ ጥርስ ላይ ሊሰማ ይገባል። ሙቀጫው በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት እንዳይሆን! በእኛ ቤት አንድ ጊዜ ሆኗል፣ ያን ዓመት ጎረቤት ሁሉ ውኃ ጠጥቷል።

በለውዙ ላይ 150 ግራም የተፈጨ ፓርቬ ብስኩት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሲላን፣ ማለትም የተምር ማር፣ ይጨመራል። የንብ ማርም ይሆናል። በመጨረሻ 3 የሾርባ ማንኪያ መጠጥ ይገባና ይታሻል። ካልያዘ ጥቂት ሲላን፣ ከላላ ጥቂት ብስኩት ይጨመርበታል። በእርጥብ እጅ እንደ ትንሽ የዶሮ አስኳል አድቦልቡላችሁ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት።

ቸኮሌቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 200 ግራም መራራ ቸኮሌት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር በሳህን ይደረግና ውኃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ ይቀመጣል። ሳህኑ ውኃውን አይንካ፤ በእንፋሎቱ ብቻ ይቅለጥ። ሳህኑም ማንኪያውም ደረቅ ይሁን፤ በቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ጥቂት ጠብታ ውኃ ከገባ ወዲያው ጓጉሎ እንደ ጭቃ ይሆናል። መጠጡን ከለውዙ ጋር እንጂ ከቸኮሌቱ ጋር የማናደርገውም ለዚህ ነው። መጠጥም ውስጡ ውኃ አለው። ከጓጎለባችሁ አትጣሉት፤ ለማልበሻ ባይሆንም በሙቅ ውኃ ቀጥናችሁ ለልጆች ዳቦ መቀቢያ ታደርጉታላችሁ። የቀዘቀዘውን ፍሬ በሹካ አንሥታችሁ ቸኮሌቱ ውስጥ ነከር አድርጉና ወረቀት ላይ አድርቁት። ሳህኑና ከሥሩ ያለው ድስት የሥጋ ወይም የወተት ዕቃ ባይሆኑ ይመረጣል።

ቸኮሌቱ መራራ ይሁን ያልኩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። የፑሪም ሰዑዳ በብዙ ቤት የሥጋ ማዕድ ነው። የወተት ቸኮሌት ያለበት ሳጥን ለአንድ ሽማግሌ ከማዕድ በኋላ ቢደርስ፣ ስድስት ሰዓት የሚጠብቁ ከሆነ፣ በዓሉ ሳያልፍ አይቀምሱትም። በማሸጊያው ላይ «ፓርቬ» የሚለውን ፈልጉ፤ ጥቁር የሆነ ቸኮሌት ሁሉ ፓርቬ ነው ማለት አይደለም። ብስኩቱም እንዲሁ ነው።

ወደ መጠጡ ልመለስ። ሩም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ስለሆነ ከቸኮሌት ጋርም ስለሚስማማ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ቮድካ ከእህል ወይም ከድንች ነው፤ ችግር የለበትም፣ ጣዕምም የለውም። ዊስኪ የገብስና የሌላ እህል ቢሆንም አንዳንዱ የወይን ጠጅ በነበረበት በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ ራባኖች ይለያዩበታል። ጣፋጭ ሊኬር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ማጣፈጫው፣ ቀለሙ፣ መነሻው አልኮል ከምን እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም፣ ክሬም ያለበት ደግሞ የወተት ነው። ብራንዲ ከፈለጋችሁ በዚህ አገር ሄክሸር ያለው በየሱፐሩ ይሸጣል፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። በአጭሩ የትኛውንም ብትገዙ ምልክቱን ፈልጉ፣ ካጣችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት። አባቴ አረቄ ለምን አይሆንም ይላል። ይሆናል፤ ነገር ግን የአኒስ ሽታ ያለው አረቄ ቸኮሌቱን አሸንፎት አየሁ፤ አልመክርም።

አሁን ደግሞ ስለሚበሉት ሰዎች። ይህ ከረሜላ እሳት ስለማይነካው አልኮሉ አይተንም፤ እንደገባ ይኖራል። ባልኩት መጠን አሥር ፍሬ የበላ ልጅ የአንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ሲሶ ያህል አልኮል ገባለት ማለት ነው። ልጅ ደግሞ በፑሪም ቀን አሥር ይበላል፤ እናውቃቸዋለን። ስለዚህ ሊጡን ለሁለት ክፈሉት። ለልጆቹ በመጠጡ ፋንታ የብርቱካን ጭማቂና የተፋቀ ልጣጭ አድርጉበት። እርጉዝ ለሆነች ሴት፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ መጠጥ ለተወ ሰውም የሚላከው ከዚህኛው ነው። መጠጥ በመተው ስንት የታገለ አባት አለ፤ በሪባን የታሰረ ሳጥን ከፍቶ ያ ሽታ እንዲቀበለው አናድርግ።

ለውዝም የማይስማማቸው አሉ፤ አንዳንዶቹ በጥቂቱ ብቻ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ይታመማሉ። ጋን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ለውዝ ጨርሶ እንዳይገባ ስለሚከለከል አስቀድማችሁ ጋነኔቷን ጠይቁ። ከ5 ዓመት በታች ላሉትም ለውዝ ሊያንቃቸው ይችላልና አይሰጥ።

እናቴ ከዚያ ዓመት ወዲህ በየሳጥኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ትለጥፋለች። እኔ በዕብራይስጥ እጽፋለሁ፣ እርሷ በአማርኛ፦ ለውዝ አለው፣ ሩም አለው ወይም የለውም፣ ፓርቬ ነው፣ የመጠጡና የቸኮሌቱ ሄክሸር ይህ ነው። መጀመሪያ አፍራ ነበር። የሰው ቤት ምግብ ላይ ደረሰኝ መለጠፍ ምን የሚሉት ነው አለች። በኋላ ግን ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን፣ በካሽሩት ጥብቅ የሆነች ሴት፣ ወረቀቱን አንብባ እዚያው በር ላይ ቆማ አንዱን ጎረሰች። ከዚያ በፊት የምንልክላት ሳጥን ምን ይሆን እንደነበር እናቴ ጠይቃ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ብራኻውን በተመለከተ፣ ብስኩት ያለበት ከሆነ «ቦሬ ሚኔ መዞኖት» ይባላል። ብስኩት ሳይገባ ሙሉ ለውዝ ቸኮሌት ለብሶ ከሆነ ግን ልማዱ ይለያያል። ለውዙ ዋና ነው ብለው «ሀዔጽ» የሚሉ አሉ፣ ቸኮሌቱ ዋና ነው ብለው «ሸሀኮል» የሚሉ አሉ፣ ሁለቱንም የሚሉም አሉ። ራባችሁን ወይም ቄሳችሁን ጠይቁ። ኦቾሎኒ ከዛፍ ሳይሆን ከመሬት የሚወጣ ስለሆነ ብቻውን ሲበላ «ሀአዳማ» ነው።

ሚሽሎአሕ ማኖት ቢያንስ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት የሚበላ ነገር ነው፤ ከረሜላው ብቻውን አንድ ዓይነት ስለሆነ ፍራፍሬ ወይም ድፎ ዳቦ ይጨመርበት። የሚላከውም በፑሪም ቀን በብርሃን ነው፦ በአብዛኛው ቦታ አዳር 14፣ በኢየሩሳሌም አዳር 15። ለሁለት ድሆች የሚሰጠው ማታኖት ላኤቭዮኒም ደግሞ የተለየ ግዴታ ነው። ራምባም ሰው ከሰዑዳውና ከሚልከው ስጦታ ይልቅ ለድሆች የሚሰጠውን ቢያበዛ እንደሚሻል ያስተምራሉና ለሪባንና ለሳጥን ብዙ አታውጡ። ንጹሕ የእርጎ ዕቃ በቂ ነው።

የተረፈውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ጀርባ አትርሱት። ከፑሪም እስከ ፔሳሕ ያለው አንድ ወር ነው። ዊስኪ፣ ከእህል የወጣ ቮድካና ከገብስ የወጣ አረቄ ሐሜጽ ናቸው፤ የተረፈው ብስኩትና ከረሜላም እንዲሁ። ወይ እስከዚያ ድረስ ጨርሱት፣ ወይ ከሚሸጠው ሐሜጽ ጋር በራብ በኩል እንዲሸጥ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት።