ግብር ከማን? ክብርስ በምን?

እኛ የጅጋ ልጆች ስለ ግብር ስንማር መጽሐፍ ከመግለጣችን በፊት አያቶቻችንን እናስታውሳለን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ዳሞትን ጨምሮ የጎጃም ገበሬ ገማቾችን ወደ ማሳዬ አላስገባም ብሎ ተነሣ። ከዚያ በፊትም ግብር ይከፍል ነበርና ያስነሣው መክፈልን መጥላት ብቻ አልነበረም፤ ግመታው ርስቱን እንዳያሳጣው ሠግቶ ነው። መንግሥት በመጀመሪያ ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢውን ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት አዛወረ፣ ውዝፉንም ግብር ማረ።

ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። በጅጋ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው ነጋዴ ሱቁ ስለሚታይ ይገመታል። በስልኩ ላይ ማስታወቂያ የሚሸጠው የውጭ ኩባንያ ግን ገማች የሚያንኳኳው ደጅ ሳይኖረው ሊያተርፍ ይችላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር ዘመን የተረቀቀው ደንብ፣ የውጭ ድርጅት በአንድ አገር የትርፍ ግብር የሚከፍለው በዚያ ቋሚ የሥራ ቦታ ሲኖረው ነው ይላል። ደንቡ የታሰበው ለፋብሪካና ለመጋዘን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ግብሮችን እንለይ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው የተጨማሪ እሴት ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1341፣ ከውጭ በኢንተርኔት የሚሸጥ አገልግሎትም ከመቶ 15 እንዲከፈልበት ደንግጋለች። መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ታክስ በመጨረሻ የሚሸከመው ገዢው ነውና የሻጩ ትርፍ ጉዳይ ራሱን ችሎ የሚጠየቅ ነው።

«የውጭ ኩባንያ ግብር ከጠየቅነው ስማችን ይጠፋል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እስቲ የሌሎችን እንይ። አየርላንድ አፕልን በዝቅተኛ ግብር አስተናገደች። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. 13 ቢሊዮን ዩሮ ሰብስቢ ብሎ ሲወስንባት፣ ገንዘቡ አይገባኝም ብላ ከኩባንያው ጎን ቆማ ተሟገተች፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተረታች። ካናዳ ደግሞ የዲጂታል አገልግሎት ታክሷን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የንግድ ድርድሩን አቋረጥሁ ባሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ተወች። አንዲቱ በችሮታ፣ ሌላዪቱ በዛቻ ግብራቸውን ለቀቁ። በዚህ ማን ተከበረ?

እንግዲህ የአገር ስም በሁለት ነገር ይጠበቃል እንላለን።

1ኛ/ ሕጉ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ልኩም በሒሳብ እንጂ በግመታ አይሁን። ኬንያ በ2013 ዓ.ም. ከጠቅላላ ሽያጩ ከመቶ 1.5 መጠየቅ ጀመረች። ይህ ለመሰብሰብ ይቀላል፤ ነገር ግን ያተረፈውንና የከሰረውን አይለይም። እኛ የገማችን በደል የምናውቅ ልጆች ባዕድ ነው ብለን በሌላው ላይ ልንፈርደው አይገባም።

2ኛ/ ድኻ አገር ብቻዋን አትቁም። በአፍሪካ መንግሥታት አነሣሽነት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለዓለም አቀፍ የግብር ስምምነት ድርድር መነሻ የሚሆነውን ሰነድ አጽድቋል። በዚያ ጠረጴዛ ለመከራከር ሒሳብና ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ከእኛ መካከል መውጣት አለበት።

በመጪው ዕረፍት ወደ ጅጋ ስንመለስ 1960ን የሚያስታውሱትን ሽማግሎች «ምን ቢሆን ኖሮ በፈቃዳችሁ ትከፍሉ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። መልሳቸው ለዛሬውም ኩባንያ የሚሠራ ሳይሆን አይቀርም።