ወደ ፖካሆንታስ አውራጃ ለሚሄድ መንገደኛ

የአፓላችያ ተራሮች በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተሰልፈው ሲወርዱ የዌስት ቨርጂንያን ግዛት በሚያቋርጡበት ስፍራ፣ በ1821 የተቋቋመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ) ፖካሆንታስ የሚባል የገጠር አውራጃ አለ፤ ስፋቱ 2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ2020 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ 8,000 እንኳ ስላልሞላ፣ አብዛኛው ምድር ለዱርና ለአራዊት፣ ለምንጭና ለጭጋግ የተተወ ነው። ስምንት ወንዞች ከአድባሩ ፈልቀው በየአቅጣጫው ይወርዳሉና ያገሩ ሰዎች የወንዞች መፍለቂያ እያሉ ይመኩበታል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ የሚኖረው ወገናችን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት በሚሆን የመኪና ጉዞ ስለሚደርስበት፣ ስለ አካሄዱና ስለ አቆያየቱ ጥቂት ማተት ከንቱ ድካም አይመስለኝም።

ጎብኚው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ የእጅ ስልኩ በዚህ አውራጃ በአብዛኛው ድዳ የሚሆን መሆኑን ነው። ይህም በድህነት ወይም በቸልታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1958፣ ከሩቅ ከዋክብት የሚደርሰው እጅግ ረቂቅ የሆነ የራዲዮ ሞገድ በሰው ልጅ ማሰራጫዎች ጩኸት እንዳይዋጥ ሲል፣ 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ምድር ከልሎ የራዲዮ ጸጥታ ክልል ስላደረገውና የክልሉም እምብርት በዚሁ አውራጃ የምትገኘው ግሪን ባንክ የተባለችው መንደር ስለ ሆነች ነው እንጂ። እንግዲህ በከተማ እንደ ለመድነው «እዚያው ደርሰን እናስብበታለን» ብሎ መነሣት እዚህ አያዋጣም፤ የማረፊያውን ቤት ከነመደበኛ ስልኩ ቁጥር በወረቀት ጽፎ፣ ካርታውን አትሞ፣ ኋላ የማነሣውን የባቡር ጉዞ ቲኬት አስቀድሞ ቆርጦ፣ ለቤተ ሰዎቹም የት እንደሚያድርና መቼ እንደሚመለስ ነግሮ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ቋጥሮ የሚነሣ ሰው ብቻ ነው በጸጥታው ደስ የሚሰኝ። በሁለት መኪና የሚጓዙም ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ስፍራና ሰዓት ከቤታቸው ሳይወጡ ይወስኑ።

ከዋሽንግተን በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም በ81 ቁጥር ወደ ደቡብ ተጉዞ ስታንተን ከተማ ሲደርስ ነዳጁን ይሙላ፤ ከዚህ ወዲያ በ250 ቁጥር መንገድ አንዱን ተራራ ወጥቶ ሌላውን ሲወርድ፣ ሞንተሬይን አልፎ ባርቶው እስኪገባ ድረስ ማደያ እንደ ልብ አያገኝም። መንገዱ መልካም አስፋልት ቢሆንም መጠምዘዣው ብዙ ነውና ልጆችን ያጥወለውላል፤ ሲመሽም አጋዘኖች ከዱር ድንገት ስለሚወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ ይሻላል።

በግሪን ባንክ የሚገኘው የሥነ ፈለክ መመርመሪያ ብቻውን ያን ያህል መንገድ የሚያስኬድ ነው። በ2000 የተመረቀው ቴሌስኮፕ 148 ሜትር ቁመት ያለው፣ ሳህኑም በአንድ ወገን 100፣ በሌላው 110 ሜትር የሚሆን፣ ወደ ፈለጉት የሰማይ ማዕዘን ሁሉ ሊያዞሩት ከሚችሉት የራዲዮ ቴሌስኮፖች በዓለም ታላቁ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 90 ሜትር ስፋት ያለው አሮጌው ቴሌስኮፕ በ1988 በኅዳር ወር፣ በአንድ ሌሊት በድንገት ተንኮታኩቶ ወድቋል። ፍራንክ ድሬክ የተባለው ሊቅ በሌላ ዓለም አእምሮ ያለው ፍጥረት ይኖር እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በ1960 ጆሮውን ወደ ሁለት ከዋክብት አቅንቶ ያዳመጠው በዚሁ ስፍራ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘም። ጎብኚዎችን ወደ ቴሌስኮፑ የሚያደርሰው አውቶቡስ በናፍጣ የሚሠራ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ከሚረጨው ብልጭታ የሚነሣው ሞገድ ምርምሩን ስለሚያውክ ነው። በዚያው ምክንያት ስልክም ሆነ ዲጂታል ካሜራ ከቴሌስኮፑ አጠገብ ማብራት ክልክል ሲሆን የፊልም ካሜራ ግን አይከለከልም፤ ስለዚህ አባቱ የተወለትን አሮጌ ካሜራ በሣጥን የሸሸገ ሰው ቢኖር የሚያወጣበት ቀን ይህ ነው።

ከግሪን ባንክ ጥቂት ወረድ ብሎ ካስ የተባለች መንደር አለች፤ ከ1901 ጀምሮ የእንጨት ኩባንያ ለሠራተኞቹ የሠራቸው ነጫጭ ቤቶች ዛሬ ለእንግዳ ይከራያሉ። የእንጨት መሰንጠቂያው በ1960 ተዘግቶ ሐዲዱም ተነቃቅሎ ሊሸጥ ሲል ግዛቱ አስቀረውና፣ ከ1963 ወዲህ ግንድ ይጎትቱ የነበሩት የእንፋሎት ባቡሮች ሰው ያመላልሳሉ። እነዚህ ባቡሮች ጉልበታቸውን በጥርስ መዘውር ወደ እግሮቻቸው ሁሉ ስለሚያደርሱ፣ ሌላው ባቡር የማይደፍረውን ዳገት አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያሉ ይወጡታል። እስከ ባልድ ኖብ ጫፍ የሚደርሰው ጉዞ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ልጆች ላሉት አጭሩ ይበቃዋል። የተራራው ከፍታ 1,476 ሜትር ነው ሲባል አዲስ አበባ ያደገ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ኬክሮሱ ወደ ሰሜን የራቀ ስለ ሆነ ብርዱ ከቁጥሩ ጋራ አይመጣጠንምና ካፖርት ይያዝ፤ የባቡሩ ጥላሸትም ለነጭ ልብስ አይራራም።

የቀሩትን ባጭሩ ልጥቀሳቸው። ክራንበሪ ግሌድስ በሚባለው ረግረግ ላይ በተነጠፈው የእንጨት መተላለፊያ የሚራመድ፣ ነፍሳትን አጥምደው የሚመገቡ አትክልቶችን ያያል፤ በግሪንብራየር ወንዝ ዳር በቀድሞው ሐዲድ ላይ የተበጀው 125 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ ዳገት ስለማይበዛው ለአረጋውያንም ይስማማል፤ በሂልስቦሮ በ1938 የኖቤልን ሽልማት ያገኘችው ደራሲት ፐርል በክ በ1892 የተወለደችበት ቤት አለ፤ ከዚያም አለፍ ብሎ በአሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1863 ውጊያ የተደረገበት የድሩፕ ተራራ የጦር ሜዳ ይገኛል።

ስለ ምግብ ግን ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ያገሩ ሰው የሚወደው ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ በዓይን ሲያዩት ፍጹም የጾም ምግብ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቦሎቄው ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋራ ስለሚቀቀልና ዳቦውም በስቡ ስለሚጋገር፣ ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሰው ሳያፍር ይጠይቅ። በሚያዝያ ወር በየአብያተ ክርስቲያናቱ አዳራሽ የሚቀርበው የዱር ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። በፈረንጆች መስከረም መጨረሻ ቅዳሜ፣ ለመስቀል በዓላችን በሚቀርበው ቀን፣ በርእሰ ከተማው በማርሊንተን የዱር አራዊት ሥጋ የሚቀርብበት የወጥ ቤቶች ውድድር ይደረጋል፤ ድቡና ሽኮኮው ለእኛ የማይሆን ቢሆንም ትርዒቱን ማየት ነውር የለበትም። ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራይቶ ሽሮውን ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉ ያርፋል።

ሕዝቡ ሰላምታ ወዳድ ነው፤ መንገድ ላይ እጁን ላነሣ ሰው እጅን ማንሣት ይገባል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጋዜጠኞች እየመጡ የአፓላችያን ሰው ጎስቋላ ጎጆውን ብቻ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ስለ ኖሩ ግን፣ የፈረሰ ቤትና የዛገ መኪና እያዩ ካሜራ መደገን ያስቀይማል፤ መግባት ክልክል ነው የሚል ጽሕፈት ከተሰቀለበት አጥር ማለፍማ ከቶ አይሞከርም።

ጊዜውን በሚመለከት፣ በእኛ አገር ዘመነ ጽጌ ሲገባ በዚያ የዛፉ ቅጠል ቀይና ወርቅማ ይሆናልና ከመስቀል ማግሥት እስከ ጥቅምት መባቻ ያለውን ሰሞን የሚመርጥ አይሳሳትም፤ ማረፊያ ግን ከወራት በፊት ይያዝ። በበረዶው ወራት ለሸርተቴ የሚመጡት ስኖውሹ ወደሚባለው ተራራ ይወጣሉ፤ 150 ቁጥር የሚባለው የተራራ ጎዳና በዚያን ጊዜ በረዶው ስለማይጠረግለት አይሞከርም። ከአሜሪካኖች የምስጋና ቀን በፊት ባለው ሰኞ የአጋዘን አደን በጠመንጃ ይከፈታልና፣ በዚያ ሰሞን ወደ ዱር የሚገባ ሁሉ አዳኝ እንስሳ መስሎት እንዳይተኩስበት ከሩቅ የሚታይ ብርቱካንማ ሰደርያ ይልበስ፤ ማረፊያውንም አዳኞች ስለሚሞሉት ክፍል ሳይዝ አይነሣ።