በክፉ ቀን ማንን እንመን?

በዚህ ወር የጥናቱ ተራ የእኔ ነው። ሁልጊዜ ከቃሉ እንጀምራለን፤ ዛሬ ግን በአንድ ፊልም ልጀምርና ወደ ቃሉ እንሄዳለን።

ፊልሙ «ዘ ሮድ» ይባላል፣ «መንገዱ» ማለት ነው። ኮርማክ ማካርቲ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ በ2006 መጽሐፉን አወጣ፣ በ2009 ደግሞ ፊልም ሆነ። ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉ ሰዎች ታሪክ ነው። ምን እንዳጠፋት አይነገርም። ምድሩ ሁሉ አመድ ነው፣ ዛፉ ደርቋል፣ እህል አይበቅልም፣ ብርዱም አይጣል ነው። አንድ አባትና ትንሽ ልጁ የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕር ይጓዛሉ። እናትየው ተስፋ ቆርጣ ለመሞት ጥላቸው ሄዳለች። በየመንገዱ ሰው የሚበሉ ሰዎች አሉ። አባትየው ሽጉጥ ይዟል፣ ጥይቱ ግን ሁለት ብቻ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ለእኛ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ስላሉበት ነው።

1ኛ. ለመኖር ሲባል ሁሉ ይፈቀዳል ወይ?

ልጁ ደጋግሞ አባቱን የሚጠይቀው እኛ ከጥሩዎቹ ወገን ነን ወይ እያለ ነው። ቢርባቸውም ሰው እንደማይበሉ ተስማምተዋል። እንግዲህ ወሰኑን ያበጁት አስቀድመው ነው። ረሃብ ከመጣ በኋላ ወሰን ላብጅ የሚል ሰው አይችልም፤ ሆዱ ያሸንፈዋል።

2ኛ. ጥንቃቄ የሚያልቀው፣ ጭካኔ የሚጀምረው የት ነው?

ባሕሩ ዳር አንድ ሌባ ያላቸውን ሁሉ ወስዶባቸው ይሄዳል። አባትየው ይደርስበታል፤ ዕቃውን አስመልሶ ልብሱንም አስወልቆ ራቁቱን ብርድ ላይ ይተወዋል። እንደ ፍርድ ካያችሁት ተሳስቷል ማለት ይከብዳል፣ ሰውዬው እነሱንም ለሞት ነበር የተዋቸው። ልጁ ግን ያለቅሳል፣ ሰውዬው ርቦት ነው ይላል። ልብሱን ሊመልሱለት ቢሄዱ አጡት፣ መንገድ ላይ ትተውለት ተመለሱ። አንዳንድ ምሕረት ሲዘገይ ተቀባይ ያጣል።

3ኛ. ማመን የሚጀምረው መቼ ነው?

ከዚያ በፊት ምግብ የሞላበት የምድር ቤት አግኝተው ነበር። በፊልሙ ላይ ከበላያቸው ውሻ ሲሰሙ አባትየው ደንግጦ ያን ሁሉ ምግብ ጥለው ይሄዳሉ። በመጨረሻ አባትየው ሲሞት ለልጁ የሚደርሱለት ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ናቸው፤ ውሻም አላቸው። ሴትየዋ ስንከተላችሁ ነበር ትለዋለች። አባትየው የሸሻቸው እነዚህኑ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ልጁንም አስተውሉት፣ ዝም ብሎ አልሄደም። ጥሩ ሰው ነህ ወይ? ልጆች አሉህ ወይ? ብሎ ጠየቀ። መልሱ ማረጋገጫ አይሆንም። ሆኖም ጠየቀ፣ ከዚያ እጁን ሰጠ።

ወደ ቃሉ እንምጣ፣ 1ኛ ነገሥት 17፥8-16። ሰራፕታ ዛሬ ሰረፈንድ የምትባለው ናት፤ በሳይዳና በሱር መካከል እዚሁ ሊባኖስ። መበለቲቱ እንጨት የምትለቅመው የመጨረሻ ዱቄቷን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነው። ኤልያስ ዘመድ የሌለው ስደተኛ ሆኖ መጀመሪያ ውኃ ቀጥሎ እንጀራ ለመናት። እሷም ከሌላት ላይ ሰጠችው። ልብ በሉ፣ ጎተራዋ ሞላ አይልም። ማድጋዋ ብቻ ሳያልቅ ቀረ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። በመስከረም 2024 በጦርነቱ ጊዜ ከደቡብ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ስንቱ አሠሪ ሠራተኛውን ጥሎ እንደሄደ፣ መጠለያውም ለውጭ ሰው እንደተከለከለ ታውቃላችሁ። አንድ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። «እህቶቼ፣ ክፈቱልኝ» የምትል የአማርኛ ድምፅ ሰማን። በአንድ ክፍል አምስት ነበርን። እኔ ቀስ ብዬ «እንዳትከፍቱ» አልኩ። ከዚያ በፊት አስጠግተናት የዕቁባችንን ገንዘብ ይዛ የጠፋች ልጅ ነበረች፤ ገንዘቡም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አንዷ እህታችን ግን ተነስታ በበሩ ውስጥ ጠየቀቻት፦ ከየት መጣሽ? ቤቱን ማን ነገረሽ? ማን አብሮሽ አለ? ልጅቷ መለሰች። ተከፈተላት። ማዳሟ ቤተሰቡን በመኪና ጭና እሷን ትታ ሄዳ ኖሯል። ከእኛ ጋር ሁለት ወር ቆየች።

ያቺ እህት ይህን ጋዜጣ ታነባለች። «እንዳትከፍቱ» ያልኩት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እህቴ፣ ይቅር በዪኝ።

ለማጠቃለል ያህል፦ ማመን ማለት ፓስፖርትና ገንዘብን ሜዳ ላይ መተው አይደለም፣ ደህና ቦታ አስቀምጡ። ለብቻችሁ አትወስኑ፣ ተማከሩ። ጠይቁ። ዳቦው ግን ምርመራው እስኪያልቅ አይጠብቅ።

የውይይት ጥያቄዎች፦
ሀ) በችግር ቀን ምንም ቢመጣ አላደርገውም የምትሉት ነገር ምንድን ነው?
ለ) አንድ ሰው የበደለን ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ዕዳውን መክፈል አለበት ወይ?
ሐ) ዛሬ ማታ በራችሁ ቢንኳኳ ቀድማችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

እሑድ ስንገናኝ መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ጌታ ከክፉ ሁሉ ይጠብቃችሁ።