በተማሪዎች እጅ ስለሚሠራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም
መስፈርትንና ሳንካን መዝግቦ ስለ መያዝ

በየዓመቱ የምረቃ ጊዜ ሲቃረብ፣ በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ለመመረቂያ የሚሆናቸውን ሥራ ፍለጋ ወደ ንግድ ቤቶች ይመጣሉ። የሚያቀርቡትም አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ገቢና ወጪ፣ የሽያጭና የዱቤ ሂሳብ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ነጋዴው በአነስተኛ ወጪ መሣሪያ ያገኛል፤ ተማሪውም ከመጽሐፍ የማይገኝ ልምድ ይቀስማል። ስምምነቱ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ሆኖ ሳለ፣ ምረቃው ካለፈ በኋላ ፕሮግራሙ ተትቶ ባለሱቁ ወደ ቀድሞ ደብተሩ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የተመረመረ እንደ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የተፈለገው ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ባለመስፈሩና የታየውም ስሕተት በቃል ብቻ በመነገሩ ነው። የዛሬው ትምህርታችንም በዚህ ላይ ይሆናል።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። ፕሮግራሙ ሊሠራው የሚገባውን፣ አሠሪውና ሠሪው የተስማሙበትን ነገር መስፈርት እንለዋለን። ፕሮግራሙ በመስፈርቱ የተጻፈውን ሳይፈጽም ወይም አዛብቶ ሲፈጽም ደግሞ ሳንካ አለበት ይባላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሳንካን የሚጠሩት በትንንሽ ነፍሳት ስም ነው። አጠራሩ በመሐንዲሶች ዘንድ ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ በ1947 እ.ኤ.አ. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ማርክ ሁለት በተባለ ኮምፒዩተር ውስጥ የእውነት የእሳት ራት ገብታ በመገኘቷ ይበልጥ ታወቀ። ሠራተኞቹ የእሳት ራቷን አውጥተው አልጣሏትም፤ በዕለቱ መዝገብ ላይ ለጥፈው የተገኘችበትን ሰዓትና ስፍራ ጻፉ። መዝገቡም በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል።

መስፈርትንና ሳንካን መለየት ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ነገሩ የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ሳንካ የሆነ እንደ ሆነ ተማሪው ያለ ተጨማሪ ዋጋ ሊያርመው ይገባዋል፤ ያልተጻፈ አዲስ ፍላጎት የሆነ እንደ ሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው። አንድ ባለሱቅ «የዱቤ መክፈያ ቀን ይመዝገብ» ብሎ አዘዘ እንበል። ተማሪው በውጭ አገር የተዘጋጀውን የቀን መቁጠሪያ ክፍል ወስዶ በፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባዋል። በዚያ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ከ29 ቀን አይበልጥምና የካቲት 30 ሲጻፍበት አልቀበልም ይላል። አሥራ ሦስተኛ ወርንም ከቶ ስለማያውቅ በጳጉሜን የተከፈለ ዕዳ መስፈሪያ ያጣል። ባለሱቁ «ስሕተት ነው» ይላል፤ ተማሪው «እንዲህ አልታዘዝሁም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለባለሱቁ የአገሩ ዘመን አቆጣጠር እንደ እስትንፋስ የለመደው በመሆኑ መናገር እንደሚያስፈልገው አላሰበም፤ ተማሪውም አልጠየቀም። መስፈርቱ «ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ወሩ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱም 6 ይሁን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። መፈተሻውም ቀላል ነው፤ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 መቀበል አለበት፤ የ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ግን መቀበል የለበትም። የማይገባውን መከልከሉን መፈተን፣ የሚገባውን መቀበሉን ከመፈተን ያላነሰ ዋጋ አለው።

የደንበኛ ስምም እንዲሁ ነው። በፊደላችን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት ስላሉ፣ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ቢል ለሰው አንድ ስም ሲሆን ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። የአንዱ ደንበኛ ዱቤ በሁለት ሂሳብ ተከፍሎ ይቀመጥና፣ ዕዳው ሲጠየቅ ግማሹ ብቻ ይታያል። ቡና ላኪውም በበኩሉ በፈረሱላ ገዝቶ፣ በኩንታል አከማችቶ፣ በ60 ኪሎ ጆንያ የሚልክ እንደ ሆነ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ለከተማ ልጅ ካልነገረው ተማሪው ከየት ያውቀዋል?

ምንም ዐይነት መስፈርት የማያሻው፣ ንጹሕ ሳንካ የሚባልም አለ። ኮምፒዩተር ክፍልፋይ ቁጥርን በሁለት ቤት ስሌት ስለሚይዝ፣ አንድ አሥረኛን በትክክል ሊጽፈው አይችልም። ስለዚህ በተለመደው የክፍልፋይ አያያዝ 0.1ና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይወጣል። ከአንድ ደረሰኝ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ በብዙ ሺህ ሽያጭ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ ግን የመዝጊያ ሂሳቡ በሳንቲም አልገጥም ይላል። መድኃኒቱ ገንዘቡን ሁሉ በሳንቲም ቆጥሮ እንደ ሙሉ ቁጥር መያዝና የማጠጋጊያውን ደንብ አንድ ጊዜ ወስኖ መጻፍ ነው።

እንግዲህ መዝገቡ እንዴት ይያዝ? መስፈርቶቹ እያንዳንዳቸው ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይጻፉ። ለሳንካ ሌላ መዝገብ ይከፈት፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ያየው ሰው፣ የጣሰው መስፈርት ቁጥርና የታረመበት ቀን ይኑረው። «ፕሮግራሙ አልሠራም» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይረባም። «ታኅሣሥ 12 ቀን 3 ካርቶን ሳሙና ሸጬ ደረሰኝ ከቆረጥሁ በኋላ ሽያጩን ሰረዝሁት፤ 3ቱ ካርቶን ወደ ክምችቱ ሊመለሱ ሲገባ አልተመለሱም» ቢባል ግን ተማሪው ያንኑ ደግሞ በመሥራት ሳንካውን በዐይኑ ያያል። ተማሪው «አርሜዋለሁ» ስላለ ብቻ ቁጥሩ አይዘጋ፤ መጀመሪያ ያየው ሰው ሞክሮ ይዝጋው። አንዱን ሲያርሙ ሌላው የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ቀድሞ የተዘጉትም መልሰው ይሞከሩ። ገንዘብና ክምችት የሚያዛቡት ይቅደሙ፤ የገጹ ቀለም ቢዘገይ የሚጎዳው የለም። ከንግድ ቤቱም አንድ ሰው ብቻ ቃል አቀባይ ሆኖ ይመረጥ፤ ባለቤቱ አንድ፣ ሂሳብ ሹሙ ሌላ፣ መጋዘን ጠባቂው ሦስተኛ ነገር ካዘዙት ተማሪው ሳይመረቅ ዓመቱ ያልቃል።

ይህ ለጀማሪ ብቻ የታዘዘ አይምሰል። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑት ቴክ የተባለውን የመጻሕፍት ማሰናጃ ፕሮግራም ሲሠሩ፣ የገዛ ራሳቸውን ስሕተት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራ ቁጥር መዝግበው፣ ሳንካውን ከማሻሻያው በፊደል ምልክት ለይተው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳተሙት። በመጻሕፍቶቻቸው ውስጥ ስሕተት ቀድሞ ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም መሸለማቸውም የታወቀ ነው።

መዝገቡ በማን እጅ ይኑር የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ የከበደ ነው። በእንግሊዝ አገር በፖስታ ቤት ወኪልነት የሚሠሩ ባለሱቆች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆራይዘን በተባለ የሂሳብ ፕሮግራም እንዲሠሩ ታዘዙ። ፕሮግራሙ ያልጎደለውን ገንዘብ ጎደለ እያለ ሲያሳይ፣ ባለሱቆቹ ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ተጠየቁ፤ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስም ከ900 በላይ የሚሆኑት በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም አሉ። ፕሮግራሙን ይዞ ያስተዳድር የነበረው የፉጂትሱ ኩባንያ የታወቁ ስሕተቶችን የሚጽፍበት መዝገብ ነበረው፤ ባለሱቆቹ ግን እንዲያዩት አልተደረገም። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፕሮግራሙ ሳንካ መኖሩን ያረጋገጠው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፍርዶቹን በጅምላ የሰረዘው ሕግ የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። የሱቃችን ገንዘብ ያዥ በኮምፒዩተሩ ቃል ብቻ ጎደሎ ተገኘብህ ከመባሉ በፊት፣ የሳንካው መዝገብ ተገልጦ ይታይለት ዘንድ ይገባል።

ስለዚህ መዝገቡ በንግድ ቤቱ ይቀመጥ፤ ለተማሪው ግልባጩ ይሰጠው። ተማሪው ተመርቆ ከመሄዱ በፊት የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ፣ የይለፍ ቃሎቹን፣ የመረጃውን ቅጂ፣ ገና ያልተዘጉትንም ሳንካዎች ዝርዝር ፈርሞ ያስረክብ። የወረቀቱ ደብተርም ቢያንስ አንድ ሙሉ የመጋዘን ቆጠራ እስኪደረግና ቆጠራው ከኮምፒዩተሩ ጋር እስኪመሳከር ድረስ ጎን ለጎን ይያዝ።