ትልቅ ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት

በዚህ ዓምድ ስለ ታክሲ ወጪና ስለ ሱቅ ዕቃ ቆጠራ መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን አንድ ደንበኛዬ ይዞት የመጣ ደረሰኝ ወደ ሌላ ጉዳይ ወስዶናል። ይህ ሰው ቀን ታክሲ ይነዳል፤ በሠርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወተ ይከፈለዋል፤ ማታ ደግሞ ቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ሙዚቃ ያቀናብራል። የድሮው ባለ 24 ኢንች ስክሪን ቢጠበው 400 ዶላር ከፍሎ ባለ 32 ኢንች ገዛ። «ስክሪኑ ትልቅ ሆነ፤ የሚታየኝ ግን ያው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ኢንች የስክሪኑ የሰያፍ ርዝመት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት የድምፅ መስመር፣ ማለትም ስንት ትራክ እንደሚታይ የሚወስነው የነጥቦቹ (የፒክስሎቹ) ብዛት ነው። የድሮው ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ ነበረው፤ አዲሱም ያው 1920 በ1080። ስለዚህ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ክራሩም ገዘፉ እንጂ ቁጥራቸው አልጨመረም።

ሊገዛ የሚገባው «ፎር ኬ» የሚባለውን፣ 3840 በ2160 ነጥብ ያለውን ነበር። እርግጥ በ32 ኢንች ላይ ፊደሉ ያንሳል። መጠኑን ወደ 125 በመቶ ቢያሳድጉት ግን ከፍታው እንደ 1728 ነጥብ ይሆናል፤ በፊት 20 ትራክ ያይ የነበረ ሰው 32 ገደማ ያያል። ሰፊና አጭር የሆነው 3440 በ1440 ስክሪን ደግሞ ዘፈኑን ወደ ጎን ረዘም አድርጎ ያሳያል፤ ትራክ ለሚበዛበት ሰው ግን ከፍታው ያንሰዋል።

ሜትር ይዘው ጠረጴዛዎን ይለኩ። ባለ 43 ኢንች ስክሪን ወርዱ 37 ኢንች ተኩል ያህል ነው። በ48 ኢንች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በየጎኑ 5 ኢንች ብቻ ይተርፋል፤ ስፒከር የት ይቁም? ሁለቱ ስፒከሮችና የእርስዎ ራስ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ስክሪኑም ከስፒከሮቹ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሆን ይመረጣል። ባለ 32 ኢንቹ በየጎኑ 10 ኢንች ያህል ይተውልዎታል። ለጨዋታ ተብሎ ለተጨመረ ፍጥነት ገንዘብ አያውጡ፤ ለሙዚቃ አይጠቅምም። ኮምፒዩተርዎ ፎር ኬን በሴኮንድ 60 ጊዜ ማውጣት መቻሉን ግን ይጠይቁ። አንዳንድ አሮጌ ማሽን 30 ብቻ ስለሚያወጣ ማውዙ እየተጎተተ ያሰለቻል።

አሁን ወደ ደረሰኙ። ደንበኛዬ «ወንድሜ፣ ከታክሲው ወጪ ጋር ደባልቅልኝ» አለኝ። አልደባለቅሁም። ሙዚቃው ራሱን የቻለ ንግድ ነው፤ የራሱ ስኬጁል ሲ ያስፈልገዋል፤ የሠርጉም ገቢ እዚያው ይገባል። ለትርፍ የማይሠሩት የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ ግን ከ2018 ጀምሮ ገቢው ይታክሳል፣ ወጪው አይቀነስም። ከአምስት ዓመት በሦስቱ ትርፍ ካሳዩ አይ አር ኤስ እንደ ንግድ ይገምተዋል። ከ2,500 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ፣ ምርጫውን የሚገልጽ ወረቀት ከታክስዎ ጋር ካያያዙ፣ በአንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ ሊቀነስ ይችላል። ልጆች ግማሹን ጊዜ ፊልም ካዩበት ግማሹ ብቻ ነው። የክፍሉን ኪራይ ለመቀነስ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል፤ ቦታው ለሥራ ብቻ የተለየ መሆን አለበት፤ ሶፋው አጠገብ ያለ ጥግ ለሥራ ብቻ ካልዋለ አያስኬድም።

«ታክስ ላይ ይመለስልኛል» ብለው የሚገዙም አሉ። በ12 በመቶ እርከን ያለ የግል ሠራተኛ፣ የግል ሥራ ታክሱ ተጨምሮ፣ ከ400 ዶላር የሚቀርለት 100 ያህል ነው። 300ው ከራሱ ኪስ የወጣ ነው። ደንበኛዬ የመመለሻው ቀን ስላለፈበት ያን ስክሪን ለልጆቹ ሰጥቶ ፎር ኬውን ገዛ። በሁለተኛው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ቀኑንና «ለሙዚቃ ሥራ» የሚለውን በእጁ ጽፎ አመጣልኝ፤ እሱን መዝግቤለታለሁ።